የጭልፊቱ ክንፍ ጥላ

ክቡራትና ክቡራን፣ ዋና አዘጋጃችን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ሥራችሁን አቋርጣችሁ፣ ከየክፍሉ ወንበር ተሸክማችሁ ለስንብቴ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ቆሜ ብዙ መናገር አልችልም፤ ደክሞኛል። ዛሬ ብቻም አይደለም፤ ሰንብቷል።

ሃያ ሁለት ዓመት ላባ ስስል ኖርኩ። ባለቤቴ ሥራዬን ሲጠይቁት «ወፍ ታለብሳለች» ይላል። አልዋሸም። በኮምፒውተር አንድ ላባ ስሎ መቶ ጊዜ ኮፒ ማድረግ ምን ያደክማል ትሉ ይሆናል። እኔም ስጀምር እንደዚያ አድርጌ ነበር። ሥዕሎቻችንን የሚያርሙልን የአዕዋፍ ተመራማሪ አይተው፣ «ልጄ፣ ይቺ ወፍ ቆርቆሮ ነው የለበሰችው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ላባ ለብቻው ነው የሳልኩት፤ መሃል አገዳውን፣ ግራና ቀኝ የሚወጡትን ስስ ክሮች፣ በመጨረሻም ከሥሩ የሚያርፈውን ጥላ።

ያ ጥላ ነው ጉድ ያደረገኝ።

ባለፈው ዓመት ለወፎች መጽሐፋችን የሳልኩትን ጭልፊት ስከፍት፣ በሥዕሉ ላይ እንደ ስስ ወረቀት የተነጠፈ የማላውቀው ሌየር አገኘሁ። ሳጠፋው የክንፉ ጥላ ግማሹ አብሮ ጠፋ። ሌሎቹንም ከፈትኩ፤ አሥራ አራት ወፎች ላይ አለ። አጠገቤ የምትቀመጠውን ቀለም አራሚያችንን ጠራኋት።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

አቀረቀረች። «የኔ ነው፣ እትዬ። ግራጫው አልለይ ሲልዎት ጊዜ... እርስዎ ሲወጡ ነው የምጨምረው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስምንት ወር ይሆናል።»

ልመርቃት ሲገባኝ ተቆጣሁ። ሳምንት ሙሉ ሰላም አላልኳትም። እውነቱን ልንገራችሁ? አፍሬ ነው። እጄ ይከዳኛል ብዬ ስፈራ ዓይኔ ቀደመው። ዓይን ሐኪም ዘንድ ስሄድ አብራኝ የሄደችው እሷው ናት። ስወጣ ምን አሉዎት አላለችኝም፤ ቦርሳዬን ብቻ ተቀበለችኝ።

መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ ሲል፣ ዋና አዘጋጃችንን ስሟ ከስሜ ጎን እንዲገባ ለመንኳቸው።

«አሁን? ገጹ አልቋል እኮ» አሉኝ።

«እንግዲያው የኔን አውጡት።»

ሁለታችንም ገባን።

የሁለተኛው መጽሐፍ ወፎች ከነገ ጀምሮ የእሷ ናቸው። ስትሳሳት ፊት ለፊት ንገሯት።

እኔ ቤቴ ገብቼ መተኛት ነው የምፈልገው። ጤናውን ይስጣችሁ፤ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ የጀመራችሁት ይመርላችሁ። የደከማችሁ ቀን ከአጠገባችሁ ሰው አይጥፋ።