ከግድግዳው ማዶ

ወደ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር የሚሄደው ታክሲ ዘፈን ጆሮ ያደነቁራል። ከኋላዬ ቤዝ ጊታር ያቀፈ ወጣትና አንዲት እናት እየጮሁ ያወራሉ።

“ልጄ፣ ጊታሩን ተውከው እንዴ?”

“ኧረ እማማ፣ በየቀኑ እለማመዳለሁ።”

“ግድግዳ ለግድግዳ ሆነን እንዴት አይሰማኝም?”

“ይቺን ትንሽ ዕቃ ጊታሩ ላይ እሰካታለሁ። የትልቅ አምፕሊፋየር ድምፅ አስመስላ በጆሮ ማዳመጫ ታሰማኛለች። አባባ ታመው ተኙ ሲሉኝ፣ እንዳልረብሻቸው ብዬ ገዛኋት።”

“ወላሂ፣ ማን ተረበሸ አለህ? ግድግዳው ዱም ዱም ሲል እሱ ተኝቶ በጣቱ አልጋውን ይመታ ነበር። አሁን ‘ያ ልጅ ቤቱን ለቀቀ?’ እያለ ይጨቀጭቀኛል።”

“ውይ! ትልቁ አምፕሊፋየሬ እኮ አልጋዬ ስር ነው።”

“በል ዛሬ አውጣው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ግን።”

ሹፌሩን ‘ዘፈኑን ቀንሰው’ ልለው የነበረውን ተውኩት።