ልብስ የተሰጣበት አንቴና

ዘመድ ከዘመዱ የሚገናኘው ሠርግና ለቅሶ ላይ ብቻ አይደለም፤ ወረፋም ያገናኛል። ጋሽ ፍሬን የእህታቸውን ልጅ ያገኟት የቴሌቪዥን ወርሃዊ ክፍያ በሚሰበሰብበት መስኮት ፊት ተሰልፈው ሳለ ነው። እሷ በጎን ባለው መስኮት የመሥሪያ ቤቷን ጉዳይ ጨርሳ ስትወጣ ከኋላ በባርኔጣቸው አወቀቻቸው።

ጋሽ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡላቸው የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ናቸው። ሾፌር በነበሩበት ዘመን ሁለት መንገድ አልፋ ያለች ድመት ካዩ አስቀድመው ይቆማሉ እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ስሙ ግን አብሯቸው አልወጣም። የእህታቸው ልጅ ደግሞ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የማሰራጫ ክፍል ትሠራለች።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? እዚህ ምን ያቆምዎታል?»

«የወሩን ልከፍል ነዋ ልጄ። ካልከፈልሁማ ማታ የቴሌቪዥኑ መስኮት ሰማያዊ ሆኖ ይጠብቀኛል።»

«እትዬስ? መነጽራቸው ተገዛ?»

ጋሽ ፍሬን ከፊታቸው የቆመውን ሰውዬ ኮሌታ አዩ።

«ይገዛል። ይህ ወር ይለፍና።»

«ባለፈውም ወር እንዲህ ነበር ያሉኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሽ ፍሬን ባለቤት ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ሰው ሲገባ ጥላውን እንጂ መልኩን አይለዩም። ሐኪሙ ወፍራም መነጽር ቢያደርጉ ደህና ያያሉ ብሎ አዟል፤ የጡረታው ገንዘብ ግን ቴሌቪዥኑንና መነጽሩን አንድ ላይ አልችል ብሎ፣ በየወሩ ቴሌቪዥኑ ይቀድማል።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ የማያዩትን ቴሌቪዥን ለማሳየት በሚያዩበት መነጽር ገንዘብ እየከፈሉ ነው።»

«አንቺ ደግሞ። ሰው ቤት ገብቶ ማዘዝ ይቀላል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትውላለች፤ ማታ ማታ እኔ እያየሁ የፊልሙን ታሪክ እነግራታለሁ፤ እሷም ትስቃለች። ይህን ልቀማት?»

«አይቀሟቸውም። በአንቴና በነፃ የሚታይ ስንት ጣቢያ አለ።»

«ስለ አንቴና ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ጣራዬ ላይ እኮ አለ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ምስሉ ጭጋግ ይለብስና ዜና አንባቢው ሁለት ራስ ያወጣል። ታገልሁት፣ ታገልሁት፣ ተውሁት።»

«ቅዳሜ ብቻ?»

«ከሞላ ጎደል። አየሩ ይመስለኛል።»

«አየር ቀን አይመርጥም ጋሼ። ዛሬም ቅዳሜ ነው፤ ጣራውን ልይልዎ። ካልሆነ ሰኞ እኔ ራሴ ተሰልፌ እከፍልልዎታለሁ።»

ጋሽ ፍሬን ሰው መሀል መከራከር አይወዱም። ተራቸውን ከኋላቸው ላለው ሰው ለቀቁና ተከተሏት። እግራቸው ግን ከልባቸው ይፈጥን ነበር። ልባቸው ለማንም ያልነገሩት ጉዳይ ላይ ቆሞ ቀርቷል። በክፍያ የሚመጡት ፊልሞች የሚናገሩት በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ጋሽ ፍሬን ደግሞ ከዚያ ቋንቋ ከ«እሺ» እና ከ«ደህና እደር» በቀር አያውቁም። ለባለቤታቸው ማታ ማታ የሚነግሩት ታሪክ ከራሳቸው ሆድ የሚወጣ ነው። የነፃዎቹ ጣቢያዎች የሚናገሩት በገዛ ቋንቋቸው ነው። እንግዲህ ሴትየዋ በጆሯቸው ሁሉን ከሰሙ ጋሽ ፍሬን ለምን ያስፈልጋሉ?

ቤት ሲደርሱ እትዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የደረቁ ካልሲዎችን በእጃቸው እየዳሰሱ ጥንድ ጥንዱን ያገናኛሉ።

«ማነው አብሮህ የመጣው? ጫማው የሴት ነው» አሉ።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«አንቺ ነሽ? ነይ ሳሚኝ። ይህን ሰውዬ ከየት አገኘሽው?»

«ከወረፋ ላይ ሰርቄያቸው ነው።»

ልጅቷ ከእትዬ ጋር ሻይ ከመጠጣቷ በፊት ጫማዋን አውልቃ መሰላሉን ወጣች የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ሻዩን ጠጥታ፣ ተመርቃ፣ ከዚያ ነው የወጣችው። ጋሽ ፍሬን ከታች መሰላሉን ያዙ። ጥቂት ቆይቶ ከላይ ሳቅ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ይህን የልብስ ማስጫ ገመድ አንቴናው ላይ ማን አሰረው?»

«እኔ ነኛ። ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ሥራ ፈትቶ ከሚቆም ብዬ።»

«እርጥብ ብርድ ልብስ ተሰቅሎበታል። ምሰሶውን ጎትቶ አዙሮታል። አንቴናው ፊቱን ወደ ማሰራጫው ኮረብታ መስጠት ሲገባው አሁን የጎረቤትን የውኃ ታንከር እያየ ነው። ቅዳሜ የልብስ ማጠቢያ ቀናችሁ አይደለም እንዴ?»

ጋሽ ፍሬን መሰላሉን እንደያዙ አንገታቸውን ቀና አድርገው ብርድ ልብሱን አዩ።

«የአውቶቡስዎ መስታወት ላይ ካፖርት ሰቅለው፣ 'ኋላዬ አይታየኝም፣ አየሩ ነው' እንደማለት ነው» አለች ልጅቷ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን አየሩን ስወቅስ የኖርሁት…»

«አየሩ ይቅርታ ሊጠየቅ ይገባዋል።»

ገመዱን ፈትታ ከግድግዳው መንጠቆ ጋር አሰረችው። የተዛባውን ምሰሶ አቃንታ፣ የላላውን ብሎን አጥብቃ፣ አንቴናውን ወደ ኮረብታው መለሰች። ወርዳም የአንቴናውን ሽቦ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችና ጣቢያዎቹን ፈለገች። የዱሮው ስርጭት ዛሬ ወደ ዲጂታል እንደተለወጠ፣ መቀበያውም ቴሌቪዥኑ ውስጥ አብሮ እንደተሠራ እየነገረቻቸው ሳለ፣ ምስሉ ከች አለ። ዜና አንባቢው አንድ ራስ ብቻ ነበረው። የክራባቱ ነጠብጣብ ሳይቀር ይቆጠር ነበር።

ምስሉ ጠራ፤ የጋሽ ፍሬን ፊት ግን አልጠራም።

«ይሁን» አሉ። «ግን በነፃ የሚሰጥ ነገር አንድ ቀን ማስከፈሉ አይቀርም።»

«የሚከፍለው አስተዋዋቂው ነው ጋሼ። በመሀል ሳሙናና ጫማ ያሳይዎታል፤ መግዛት አለመግዛት የእርስዎ ፈንታ ነው።»

«ፊልምስ? ይኼ ዜናና ስብሰባ ብቻ ቢሆንስ?»

«ርቆ የሚኖረው ልጅዎ ፊቱን ሊያሳያችሁ ብሎ ያስገባላችሁ ኢንተርኔት አለ አይደለም? እሁድ እሁድ ትነጋገሩበታላችሁ፤ ሌላውን ቀን ሥራ ፈትቶ ይውላል። ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተሰክታ ኢንተርኔቱን የምታሳይ ጣት የምታህል ዕቃ አለችኝ፣ አመጣልዎታለሁ። ድራማ፣ ፊልም፣ የሐኪም ምክር፣ በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚያሳዩ አሉ። የተሰረቀ ፊልም የሚያሳዩትን ግን አልከፍትልዎትም፤ እነሱ ከፊልሙ ጋር ሌላ ጣጣ ያመጣሉ።»

«የለመድነው ነገር…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

«የለመድነው ምን ጋሼ? ምስሉ ጠራ፣ ክፍያው ቀረ፣ ቋንቋውም የራሳችን ነው። ከዚህ በላይ ምን ቀረ?»

«አሁን ይህን ሁሉ ምን አስቸኮለሽ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ጋሽ ፍሬን ፍሬን ያዙ። ልጅቷ ምክንያቱ ስላልገባት ግራ ተጋብታ ወደ እትዬ ዞረች። እትዬ ካልሲያቸውን አስቀመጡ።

«እኔ ልንገርሽ» አሉ። «ከመሪው ያወረዱት ጊዜ አንድ ወር አኩርፏል። አሁን ደግሞ ከታሪክ ነጋሪነቱ ልታወርጂው መጣሽ።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ ጋሽ ፍሬን።

«አንተ ሰውዬ፣ ባለፈው ሰሞን ከነመርከቡ ያሰጠምኸውን ዶክተር ሰሞኑን ሠርግ ላይ አምጥተህ ስታስጨፍረው ያላወቅሁ መሰለህ? ቋንቋውን አንተም አታውቀው፣ እኔም አላውቀው።»

የጋሽ ፍሬን ጆሮ ቀላ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሰውየው በመዳኑ ደስ ብሎኝ ነዋ።»

ልጅቷ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ሽቦው ጎንበስ አለች።

«ስማኝ» አሉ እትዬ ቀስ ብለው፣ «እኔ የሚያስቀኝ ሳጥኑ አይደለም፤ አንተ ነህ። በሬ ወለደ ስትል ድምፅህ እንዴት እንደሚሆን አውቀዋለሁ፤ ፊትህ ግን ምን እንደሚሆን ካየሁ ስንት ጊዜዬ። መነጽሩን የፈለግሁት ለዚያ ነው። አንተ ግን ለእኔ ብለህ ለሳጥኑ ትከፍላለህ።»

ጋሽ ፍሬን አጠገባቸው ተቀመጡ። ከጥንዱ የተለየች አንዲት ካልሲ ከወለሉ አነሱና፣ ብጤዋን ፈልገው አገኙላት። በኋላም የገንዘብ ቦርሳቸውን አውጥተው ለእህታቸው ልጅ ሰጧት።

«ሰኞ እሰለፍልዎታለሁ ብለሽኝ አልነበር?» አሉ። «ተሰለፊልኝ። መነጽር ቤት ግን ይሁን።»

በሚቀጥለው ሳምንት መነጽሩ መጣ። እትዬ ካደረጉት በኋላ አስቀድመው ያዩት ግድግዳውን ነው፤ ቀለም መቀባት አለበት አሉ። ከዚያ እጃቸውን አዩ። ከዚያ ጋሽ ፍሬንን ረጅም ጊዜ አዩና፣ «አርጅተሃል» አሏቸው። «አንቺም» አሉ ጋሽ ፍሬን፣ ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ብዙ ነገር ተስተካክሏል። ለማይገባ ፊልም ይሄድ የነበረው ገንዘብ ከመነጽሩ አልፎ ለግድግዳው ቀለም በቅቷል። እትዬ በገዛ ቋንቋቸው የሐኪሞችን ምክር እየሰሙ የጋሽ ፍሬንን ጨው ቀንሰዋል። ጣት በምታህለው ዕቃም በዕረፍት ቀን ልጃቸውን በሰፊው ቴሌቪዥን ላይ ያዩታል፤ መክሳቱን አይተው ተቆጥተውታል። ቅዳሜ ልብሱ በልብስ ገመዱ፣ ዜናውም በአንቴናው፣ እያንዳንዱ በቦታው ይውላል።

ለቴሌቪዥን መክፈል ነውር ነው አይባልም፤ የተረፈውና የሚጠቅመው ይክፈል። ዳሩ ግን ስንቶቻችን ነን፣ ጣራችን ላይ ያለውን ነገር እርጥብ ብርድ ልብስ አሸክመን ስናበቃ፣ አይሠራም ብለን ሌላ ገዝተን የምንኖር? ከመክፈል በፊት መሰላል ማቆምና ወጥቶ ማየት ጥሩ ነው። ከዚያም በላይ፣ ለሰው ብለን የምናወጣው ገንዘብ በእርግጥ ያ ሰው የሚፈልገው መሆኑን እሱኑ መጠየቅ ይሻላል።

አሁንም ማታ ማታ ሁለቱ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ። ድራማው በገዛ ቋንቋቸው ስለሆነ ተርጓሚ አያሻውም። ሆኖም አልፎ አልፎ እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ድምፁን ያጠፉታል።

«በል አንተ ንገረኝ» ይላሉ።

ጋሽ ፍሬን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የሞተውን አስነስተው፣ ያልተጋቡትን ድረው፣ መርከቡን ዳገት ላይ ያወጡታል። እትዬ መነጽራቸውን እንዳደረጉ ያዳምጣሉ፤ የሚያዩት ግን ቴሌቪዥኑን አይደለም።