የስለት ቆርቆሮና የየኔታ ዓይን

በጣና ሐይቅ የደቅ ደሴቱ መምህር የኔታ ጥዑመ ልሳን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ዳዊታቸውን በቃል እንጂ በመጽሐፍ ካልደገሙ ሰንብተዋል። ተማሪ ሲሳሳት በጆሯቸው ያርማሉ፤ ፊደሉን የማየት ናፍቆት ግን እንደ ውኃ ጥም ያንገበግባቸዋል። አንድ ቀን ባሕር ዳር ሆስፒታል ድረስ ሄደው፣ ሳይታከሙ ወደ ጀልባው ወደብ ሲመለሱ ሐፍሳ መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ሐፍሳ የጀልበኛው የዳውድ ልጅ፣ የዚያው ሆስፒታል ነርስ ናት።

«የኔታ! ቀጠሮዎ ዛሬ አልነበረም እንዴ?»

«ተመለስሁ ልጄ! ባለ ገንዘብ ከፍሎ የሚታከምበት ክፍል ከፍታችኋል አሉኝ። ‹በከንቱ ነሣእክሙ በከንቱ ሀቡ› ይላል፤ በነጻ የተቀበላችሁትን በነጻ ስጡ ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ገበያ ሆነ? ዓይኔ ይጥፋ እንጂ እዚያ አልተኛም!»

«እስቲ ይስሙኝና ይፍረዱ። ከፋዮቹ የሚታከሙት ከሥራ ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ነው፤ የእርስዎን ተራ ማንም አይነካውም። ከገቢው ከፊሉ ለሐኪሞቹ ይደርሳል፤ የዓይን ሐኪማችን ሊሄድ ሻንጣውን ካሰረ በኋላ የቀረው በዚህ ነው። በቀሪው መሣሪያ ይገዛል። የእርስዎ ሞራ የሚነሣበትም ከዚያው ነው የተገዛ።»

«በባለጸጋ ገንዘብ ልዳን?»

«ምነው የኔታ! የቤተ ክርስቲያናችሁን ቆርቆሮ አንድ ነጋዴ በስለት አላስገባም? አባቴ አይደል በጀልባ ያደረሰው? ዝናብ ሲጥል ታዲያ የሚጠለለው ባለ ስለቱ ብቻ ነው?»

የኔታ ጢማቸውን ያዙ። ሙግት ያደጉበት ነውና በዋዛ አይረቱም።

«ስለት በፈቃድ ነው፤ ይህ ዋጋ ነው። ሐኪሙ ለማታው ከፋይ ሲል ጠዋት በድሀው ላይ ቢለግምስ?»

«እሱስ ያሰጋል፤ አልዋሽዎትም። የለገመ ካዩ ይጩኹ፤ እኔም አብሬዎ እጮሃለሁ። እርስዎ ከሸሹ ግን ማን ይጠብቀው?»

የኔታ ከት ብለው ሳቁ። «ወይ አንቺ ልጅ! ቅኔ ቤት ብትገቢ መምህሩን እንቅልፍ ትነሺው ነበር። በይ፣ ምሪኝ!»

ቀኑ አልመሸምና በተራቸው ታከሙ። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ዳውድ ከፊታቸው ቆሞ «ታየዎት የኔታ?» አለ።

ትክ ብለው አዩት። «ዳውድ! አንተም እንዲህ ሸበትህ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ዳውድ ግን እየሳቀ እንባውን ጠረገ።

ዛሬ የኔታ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ቆርቆሮ ሥር ቆመው «ያለው ይክፈል፤ ሐኪም አይሰደድብን፣ መሣሪያም አይጥፋብን። የሌለው ተራውን እንዳያጣ ደግሞ እኛ እንጠብቅ!» እያሉ ይመክራሉ። ምክሩ ሲያበቃ ዳዊታቸውን ይገልጣሉ፤ በቃላቸው የሚያውቁትን መዝሙር እያንዳንዷን ፊደል በጣታቸው እየነኩ ያነቡታል።