ገደል የሚያየው ፈረንጅ

አንድ ፈረንጅ ደባርቅ ላይ በቅሎዬን ተከራይቶ "የሰሜንን ተራራ አሳየኝ" አለኝ። በቅሎዋ እሱን ተሸከመች፣ እኔ ዕቃውን። ብዙ ከተጓዝን በኋላ አንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ደረስን። ፈረንጁ ከበቅሎዋ ወረደና ቁልቁል እያየ ቀጥ ብሎ ቆመ። በቃ፣ አልንቀሳቀስም አለ። ቆይቶ ጩኸት ሰማሁ። ገበሬዎች እርሻቸውን ጥለው ገመድ ይዘው ወደ እኛ ይሮጣሉ፤ ሴቶቹ ከኋላ እያለቀሱ። አንድ ሽማግሌ እያለከለኩ፣ "ማን ገደል ገባባችሁ?" አሉኝ።

"ኧረ ማንም አልገባ፣ አያ! አገር እያየ ነው።"

"ምነው ታዲያ ቁልቁል ያያል?"

"ሸጋ ነው ብሎ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እዚህ እንዲህ የሚቆም፣ ሰው የሞተበት ነው። እኔም ወንድሜ የገባ ዕለት እንዲሁ ቆሜያለሁ። ተመለስ በለው፣ ነፋሱ ይገፋል።"

በእጄ ጠቀስሁት። ፈረንጁ ሳቀና ጭራሽ አንድ እርምጃ ተጠጋ። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ሄደው ገመዱን ወገቡ ላይ አሰሩለት። "ይይ እንግዲህ" አሉ። እኔም ሌላውን ጫፍ ከሳቸው ጋር ይዤ ከጎናቸው ዘጭ አልሁ። ፈረንጁ እስኪጠግብ አየ። ሽማግሌው ግን አንዴም ወደ ገደሉ ቀና ብለው አላዩም፤ ዓይናቸው ገመዱ ላይ ነበር።