የቪዲዮ ቤቱ ተርጓሚ

(ደሴ፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ በይማም ልብስ ስፌት ቤት የቀድሞው የቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ሽመክት ገና መርፌ የተሰካበት ኮት ለብሶ ቆሟል፤ ይማም በዙሪያው እያነከሰ ይለካዋል።)

ይማም፦ ስሜን ብትጠራው ምን ይጎድልብሃል፣ ጋሼ ሽመክት? አንዲት ደቂቃ ናት።

ሽመክት፦ ነገ ቴሌቪዥን የጠሩኝ ስለ ሬስሊንግ እንጂ ስለ አንተ ነው እንዴ?

ይማም፦ ከደሴ ሬስሊንግ እኔን ብታወጣ ምን ይቀራል? እጅህን ዘርጋ።

ሽመክት፦ ዘርግቻለሁ። ጋዜጠኛዋ ልጅ የጠየቀችኝ ግልጽ ነው። «ድሮ ቪዲዮ ቤት ወንበር የማይገኝለት ሬስሊንግ፣ ዛሬ በቴሌቪዥን ሲመጣ ሰው ለምን ያልፈዋል?» ነው ያለችው። ጥያቄዋን መልሼ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

ይማም፦ መልስላት፣ ማን ከለከለህ። ሲጨርሱ ግን «ለወጣቶች የሚያስተላልፉት መልእክት» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ «ይማም የሚባል ልጅ ነበር፤ ቤታችሁ እንዳትሞክሩት ብዬ ተርጉሜ እየነገርኩት ሞክሮ እግሩ ተሰብሮ ቀረ» በልልኝ። በቃ።

ሽመክት፦ አልልም።

ይማም፦ ለምን?

ሽመክት፦ የሰው ገመና በአደባባይ አላወራም።

ይማም፦ ባለገመናው እኔ፣ ፈቃጁም እኔ። ልጄ ፈቲያ «የአባቴን ታሪክ ነገ ይናገሩታል» ብላ ለክፍሏ ልጆች ሁሉ አውርታለች። ከእኔ ሰምታ ሰምታ ሰልችቷታል፤ ከአንተ አፍ ስትሰማው ግን ሌላ ነው። ማን ይናገር የነበረ።

ሽመክት፦ ማን ያርዳ የቀበረ። ተረቱን አውቀዋለሁ። አንገቴ ላይ መርፌ አለ መሰለኝ።

ይማም፦ አንተ ነህ የምትቁነጠነጠው። እስቲ እኔ ጋዜጠኛዋ ልሁንና እንለማመድ። አቶ ሽመክት፣ ሬስሊንግ ለምን ተመልካች አጣ?

ሽመክት፦ ዲሽ ገባ።

ይማም፦ ዲሽማ ጭራሽ ሊያሳየው ነው የገባው።

ሽመክት፦ እዚያ ላይ ነው ነገሩ። የዚህን ሰፈር ዲሽ የሰቀልኩት እኔ ስለሆንኩ እኔን ጠይቁኝ። ቪዲዮ ቤት ሳለ ስልሳ ሰው አንድ ላይ ይጮህበት ነበር። ዲሽ ሲመጣ ሳሎን ገባ። አማት ተቀምጣ፣ የንስሐ አባት ተቀምጠው፣ ሁለት ቅባት የተቀቡ ወንዶች በሙታንታ ሲተቃቀፉ ምን ብለህ ታያለህ? አባወራው ሪሞት ፍለጋ ፍራሽ ሲገለብጥ ስንቴ አይቻለሁ መሰለህ።

ይማም፦ ይቺን በላት፣ ይስቃሉ። ሌላስ?

ሽመክት፦ ኳሱ መጣ። ኳስ ላይ ማን እንደሚያሸንፍ ዳኛው እንኳ አያውቅም።

ይማም፦ አንዳንዱ ዳኛ ያውቃል ይባላል።

ሽመክት፦ አታስቀኝ፣ ትወጋኛለህ። ደግሞ በዛ። ድሮ አንድ ካሴት በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ወር እንጠብቅ ነበር። አሁን ከሰኞ እስከ እሁድ ነው። በየቀኑ የሚደገስ ድግስ ላይ ማን ልብስ ቀይሮ ይመጣል? የዛሬ ልጅ ደግሞ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ አያይም፤ የመጨረሻዋን ውርወራ በስልኩ አይቶ ይተኛል። የምናውቃቸውም አረጁ፣ ግማሾቹ ፊልም ተዋናይ ሆኑ። ለአዲሶቹ ስም የሚያወጣላቸው ጠፋ።

ይማም፦ ስም አውጪው አንተ ነበርክ። ቀይ ሰንጋ፣ የቄራው መብረቅ፣ ጎፈሬው። ወላሂ የፈረንጅ ስማቸውን ዛሬም አላውቀውም።

ሽመክት፦ እኔም አላውቀውም።

ይማም፦ ተው እንጂ። ዋናውን ግን ዘለልከው። ቀድሞ የተነጋገሩበት ውሸት መሆኑ ስለተነቃበት አይደለም?

ሽመክት፦ በእሱ አልቀረም። ሰው ውሸት መሆኑን እያወቀ ስንቱን ያያል? በድራማው የሚያለቅሰው እውነት መስሎት ነው? ሬስሊንግን የተወው እንዴት አድርጎ አምኖት እንደነበር ትዝ ሲለው ነው። ወንበር ላይ ቆሞ የጮኸው፣ ለቀይ ሰንጋ ስለት የተሳለው፣ ከወንድሙ የተደባደበው ትዝ ይለዋል። ያፍራል። ያፈረበትን ነገር ደግሞ ሰው ቆሞ አያየውም፤ ቻናል ቀይሮ ያልፈዋል።

ይማም፦ ይቺ የበሰለች ናት። እሷን በልና እኔን አስከትል። «የሚያሳፍር ነገር ካነሳችሁ፣ የተነገረውን ያልሰማው ይማም...»

ሽመክት፦ ይማም፣ አልልም ብያለሁ።

ይማም፦ ጋሼ፣ ለጨዋታ መስሎህ ነው? ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰይድ ከቁም ሳጥን ላይ ዘለለ። ስምንት ዓመቱ ነው። በስልክ ያየውን ነው የሞከረው፤ ፍራሹ ባይኖር ዛሬ እንደኔ እግሩን ይጎትት ነበር። ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኩትና ሱሪዬን ወደ ላይ ሰብስቤ ጠባሳውን አሳየሁት። «አባትህን እየው፤ ጋሼ ሽመክት አትሞክሩት ብሎ እየጮኸ ያልሰማ ልጅ እንዲህ ይሆናል» አልኩት። እናቴ ስትለኝ እንዳደግኩት፦ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። ልጆቼን የማሳድገው በዚህ እግር ነው።

ሽመክት፦ ይሄን ኮት አውልቅልኝ።

ይማም፦ አንድ ትከሻ ይቀረኛል። ምን ሆነሃል? ላብህ ወረደ።

ሽመክት፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። እኔና አንተ ዘንድ ተገልብጦ አንተ ረስተህ እኔ ይኸው እቃጠላለሁ። ያን ቀን ምን ብዬ ነበር የተረጎምኩት? የሰማኸውን ንገረኝ።

ይማም፦ አትሞክሩት ብለሃላ።

ሽመክት፦ እሱን የሰማኸው በኋላ፣ ሽማግሌዎች ቤታችሁ በመጡ ጊዜ ነው። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ፣ በጆሮህ፣ ምን ሰማህ?

ይማም፦ እኔማ... ጭንቅላቴም ተመትቶ ስለነበር የራሴን ትዝታ አላምነውም። «ወንድ የሆነ ይሞክረው» ያልክ ይመስለኝ ነበር። ጄሶ ውስጥ ሆኜ ያለምኩት ሕልም ነው ብዬ ተውኩት።

ሽመክት፦ ሕልም አይደለም።

ይማም፦ እንዴት?

ሽመክት፦ እንግሊዝኛ አላውቅም፣ ይማም። ያኔም አላውቅም ነበር። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት «ናይሮቢ የኖረ ተርጓሚ አመጣሁላችሁ» ብሎ አስተዋወቀኝ፤ እኔ ሞያሌን አልፌ አላውቅም፣ እዚያም የቆየሁት ሦስት ሳምንት ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፤ እናንተም አነጠፋችሁልኝ።

ይማም፦ ያን ሁሉ ታሪክስ? የቀይ ሰንጋ ወንድም መገደሉ፣ የጎፈሬው ሚስት መከዳቷ?

ሽመክት፦ ፊታቸውን እያየሁ ነው። የተቆጣ ሲመጣ «እናቴን ሰደበብኝ ይላል» እላለሁ፣ ያቀረቀረ ሲመጣ «ሐዘን ላይ ነው» እላለሁ። እናንተም ታለቅሳላችሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽህም። በመንገድ ሳልፍ «ተርጓሚው» ስትሉኝ ቁመቴ ይጨምር ነበር።

ይማም፦ ያን ቅዳሜስ?

ሽመክት፦ ያን ቅዳሜ ካሴቱ ሲጀምር አንገቱ በጄሶ የታሰረ ሰው ወጣ። የሆስፒታል አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ጣቱን ወደኛ ቀስሮ ተናገረ። ስልሳ ልጅ ዘወር ብሎ አየኝ። ዝም ብል ይነቃብኛል። ጣቱን ከቀሰረ እንግዲህ እየፎከረ ነው አልኩ በልቤ። «አንገቴ ቢሰበርም ልቤ አልተሰበረም፤ ወንድ የሆነ ቤቱ ገብቶ ይሞክረው፣ ይላል» አልኳችሁ። አጨበጨባችሁ።

ይማም፦ እኔ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ።

ሽመክት፦ አውቃለሁ። ከሁሉ አብልጠህ ያጨበጨብከው አንተ ነህ።

ይማም፦ ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ የእነ መሐመድ አጥር ላይ ወጣሁና ዘለልኩ።

ሽመክት፦ አውቃለሁ።

ይማም፦ የትምህርት ቤታችን መምህር አስፋው ከሽማግሌ ጋር ቤታችን ሲመጡ ግን «እንዳይሞክሩት ነግሬያቸዋለሁ» አልክ። አልጋዬ አጠገብ ቆመህ ነው ያልከው።

ሽመክት፦ ሰውየው ምን እንዳለ ያወቅኩት እዚያ ነው። መምህሩ «በእነዚህ ካሴቶች ላይ ቤታችሁ እንዳትሞክሩት የሚል ማስጠንቀቂያ አለ፤ ተርጉመህላቸዋል ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ገና ገባኝ። እናትህ እትዬ ዘሀራ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ባወቅኩባት ደቂቃ ዋሸሁ። ከስልሳው ልጅ ማን ይመሰክርብኛል? ግማሹ ከትምህርት ቤት ፎርፎ የመጣ ነው። እትዬ ዘሀራ «ማልልኝ» አሉ። በጊዮርጊስ ማልኩ።

ይማም፦ «ክርስቲያን በታቦቱ ከማለማ ሐቁን ነው» ብላ ተነሳች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ያየችኝ አስተያየት ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ሽመክት፦ በዚያ መቼ በቃኝ። ለፋሲካ ዋዜማ ደጄ ድረስ መጡ። ዶሮ ይዘው፣ ከነነፍሱ፣ እኔው በእጄ እንዳርደው። «ስለጠረጠርኩህ አፉ በለኝ» አሉኝ።

ይማም፦ አፉ አልካት?

ሽመክት፦ አልኳቸው።

ይማም፦ ዶሮውንስ?

ሽመክት፦ በላሁት። አፍራለሁ፣ ይማም። ያ ዶሮ ጉሮሮዬ ላይ እንደቆመ ነው። በዚህ በር በገባሁ ቁጥር ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ ከዚያ አንድ ሱሪ ሰጥቼህ እወጣለሁ። ያልሰፋኝን ስንቴ አስጠበብኩህ።

ይማም፦ ስፌት ቤት ያስቀጠርከኝስ? «ደግ ሰው ነው» እያልኩ ለሰው ሁሉ የማወራው?

ሽመክት፦ ጸጸት ነው። ደግነት አይደለም።

ይማም፦ እኔ እንደ አባቴ ሹፌር መሆን ነበር የምፈልገው።

ሽመክት፦ ትነግረኝ ነበር።

ይማም፦ ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግር ጠፋ እንጂ። ለእሱ አልከፋኝም፣ ጋሼ። እግር ነው፣ አላህ ያውቃል። እናቴ ልትሞት ሳምንት ሲቀራት ግን ምን አለችኝ መሰለህ? «ያኔ የተነገረህን ብትሰማ ኖሮ ዛሬ መኪናህን ይዘህ ሐኪም ቤት ታደርሰኝ ነበር» አለችኝ። እኔም እጇን ይዤ «እውነትሽን ነው እማ፣ አፉ በይኝ» አልኳት።

ሽመክት፦ ይማም...

ይማም፦ በምን ጥፋቴ ነው አፉ ያስባልኳት?

ሽመክት፦ ምንም አላጠፋህም።

ይማም፦ የሰማሁህ እኔ ነኝ። ከስልሳው ልጅ ያልከውን ያደረገ እኔ ብቻ ነኝ።

ሽመክት፦ ነገ እናገረዋለሁ። አንድም ሳላስቀር። ከነመሐላው፣ ከነዶሮው። ደሴ በሙሉ ይስማኝ።

ይማም፦ በማያውቅህ ሰው ፊት በቴሌቪዥን መስኮት ማፈር ቀላል ነው። ሰኞ አንድ ሁለት ሰው በመንገድ ይስቅብሃል፣ ማክሰኞ ይረሱታል።

ሽመክት፦ ታዲያ ምን ላድርግ? የምትለውን አደርጋለሁ።

ይማም፦ እጅህን አውጣ፣ ኮቱ ይውለቅ። ቀስ በል፣ መርፌ አለው። ቅዳሜ አይደል፣ ልጆቹ ቤት ናቸው። እንሂድ።

ሽመክት፦ አሁን?

ይማም፦ አሁን።

ሽመክት፦ ፈቲያ ጋሼ እያለች እጄን ልትስም ትሮጣለች። ምን ብዬ ፊቷ እቆማለሁ?

ይማም፦ «አባታችሁ የተነገረውን የሚሰማ ልጅ ነበር» በላቸው። እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም፤ እንዳያምኑኝ አድርጌ ያሳደግኳቸው እኔው ነኝ።