ባለሁበት ስሮጥ

እናንተ ልትስቁ ትችላላችሁ፣ እኔ ግን ያን ጠዋት አልሳቅኩም። ሐኪሙ ልቤን አዳምጦ «በየቀኑ ላብ እስኪያጠምቅህ ሩጥ» ብሎኛል። የት ልሩጥ? በደርግ ጊዜ ልደታ መሀል የሚሮጥ ሰው የታየ እንደሆነ፣ ‹ምን አድርጎ ነው የሚያመልጠው?› ነው የሚባለው። ስለዚህ ጌጃ ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ በሬን ዘግቼ፣ ባለሁበት ቆሜ መሮጥ ጀመርኩ። ጉልበቴን እስከ ደረቴ እያነሳሁ፣ እንዳይሰለቸኝም ጮክ ብዬ «ግራ፣ ቀኝ! ግራ፣ ቀኝ!» እላለሁ።

በአራተኛው ቀን በሩ ተደበደበ። ስከፍት ሁለት የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። «ሌሎቹስ?» አለኝ ትልቁ። «የትኞቹ ሌሎች?» «የምታሰለጥናቸው ናቸዋ! የሰልፍ ትእዛዝህን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።» ጓደኛው ጎንበስ ብሎ አልጋዬ ሥር አየ። እያለከለኩ «ኧረ ጓድ፣ ብቻዬን ነኝ! ሐኪም አዞኝ እዚሁ ቆሜ ነው የምሮጠው» አልኩ። ትልቁ አልጋዬ ላይ ተቀመጠ፤ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመና «እስቲ ሩጥ» አለኝ። ሮጥኩ። ላብ አጠመቀኝ። ቆም ስል «ማን አቁም አለህ?» አለኝ። በመጨረሻ ሰለቸው መሰለኝ፣ «ሁለተኛ ግራ ቀኝ ስትል እንዳልሰማ!» ብሎኝ ወጡ። ሩጫውን ያኔውኑ ተውኩት። በወሩ ሐኪሙ «ትሮጣለህ አይደል?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። እኔ ቁጭ ብዬ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ብቻዋን እንደምትሮጥ ግን አልነገርኩትም።