ሸርጣኖቹ ከወንዝ የወጡ ለት

— ሄሎ? … ማነው? … ሩሲ! አንተ ጉደኛ፣ ጌና የምትባል እህት እንዳለችህ ዛሬ ትዝ አለህ? …

— ምን? … ጮክ በል፣ እንግዳው ቤቱን አናውጦታል። የባሌ የስሙ ቀን አይደል? ስሙ ከቅዱስ ኒቆላዎስ አይደል የወጣው፣ በዓሉ እኮ ዛሬ ነው! ጎረቤቱ በሙሉ ኮልዮን እንኳን አደረሰህ ሊል እኔ ቤት ነው። … ዓሣ? ኧረ ዓሣማ ተትረፍርፏል!

— ቆይ እስቲ፣ እኔ ልጨርስ! ዘንድሮ የበዓሉን ዓሣ አልገዛሁም። ጎህ ሲቀድ ኮልዮ ወንዝ ቢወርድ፣ ዓሣው ሁሉ ዳር ወጥቶ አፉን ይከፍታል። ክንድ ክንድ የሚያክል! በእጃችን ነው ያፈስነው። መንደሩ ቅርጫት እየያዘ ግልብጥ አለ። ሸርጣኖቹ እንኳ ከውኃው ወጥተው ድንጋዩን ሽቅብ ይወጣሉ፣ በዚህ ብርድ! አባ ካሜን «ቅዱሱ ለድሆቹ ላከ» ብለው እንባቸው መጣ። እኔም አለቀስኩ። …

— ዛሬውኑ ና፣ ላንተም ይተርፋል! …

— አትብሉ? … አትብሉ ማለት ምን ማለት ነው? …

— ሩሲ፣ በሰው የስም ቀን እንዲህ አይቀለድም። ሟርተኛ! …

— እያለቀስክ ነው? … ሩሲ? ትሰማኛለህ? … እሺ። እሺ፣ ቀስ ብለህ ንገረኝ።

— የፋብሪካችሁ የልበጣ ገንዳ … አዎ፣ ብረቱን የምትነክሩበት። … ወደ ወንዙ? … ሙሉውን? … ሳያናይድ?! ኧረ በእመቤቴ!

— ኮልዮ! ቢላውን አስቀምጥ! … አስቀምጥ አልኩህ! ቀልድ አይደለም፣ ሁላችሁም እጃችሁን ከገበታው አንሱ! ዓሣው መርዝ ነው! … እማማ፣ እርስዎም ይትፉት! … ዳቦ ነው? ዳቦም ቢሆን ይትፉት!

— አለሁ፣ አለሁ። … አልቀመሱም፣ ገና ሊቆርሰው ነበር። … ቢበስልስ? እሳት አይገድለውም? … እንጃ? ስድስት ዓመት ሠርተህበት እንጃ ትለኛለህ?

— ታዲያ እነዚያ ሸርጣኖች … ሲሸሹ ነበራ! ወይኔ! ዓሦቹ ትንፋሽ አጥሯቸው ያጣጥራሉ፣ እኛ ቅርጫት ይዘን እንስቃለን። ሆዱን ስሰነጥቀው እኮ ደሙ አላማረኝም፤ ቀይነቱ በዛብኝ። ዝም አልኩ። ቅዱስ የላከው ይመረመራል ብዬ?

— ማነው የለቀቀው? … አለቃህ ይዘዝ፣ በእጁ የከፈተው ማነው? … አንተ? …

— ማጣሪያው ሞልቶ ነበር። እና? … ለበዓል ሠራተኛው ሄዷል። እና?! … «ወንዙ ያጥበዋል» አለህ፣ አንተም አመንከው። ከዚህ በፊትስ ስንቴ ከፍተሃል? … አትጎርጉሪኝ? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ነው ነገሩ? ዘንዶውንማ እናንተው ለቃችሁታል!

— እና ከሌሊት ጀምሮ እያወቅክ እስካሁን ዝም? … ፈራሁ? … ስሜን አታንሺ? ምን ብዬ ታዲያ? «ሸተተኝ» ልበል? የመንደሩ ዓሣ ግማሹ ዳቦ ቤት፣ ምድጃ ውስጥ ነው ያለው። አባ ካሜን ባርከውታል። ጌና ሸተታት ተብሎ የተባረከ ዓሣ ማን ይጥላል? … ያባርሩኛል? ያባርሩህ!

— ኮልዮ! ዳቦ ቤት ሩጥ! ማንም ዓሣውን ይዞ እንዳይወጣ! አባ ካሜንም ደወሉን ያስደውሉ! … ማን ነገራት ካሉህ ወንድሟ በላቸው። የከፈተው ራሱ ሩሲ ነው በላቸው!

— አዎ፣ ብያለሁ። ቅያሜህን ነገ እሰማለሁ። ወንድሜ ነህ፣ አልክድህም፤ ግን ሰው በእኔ ዝምታ አይሞትም። … አሁን የት ነህ? … ፋብሪካው? ከትናንት ጀምሮ ቤትህ አልገባህም?

— ቆይ። … ቆይ ሩሲ። …

— ኒኮሌታ … ዛሬ የልጅህም የስሟ ቀን ነው። … አይ፣ እንኳን አደረሳት ልል አይደለም! … ጠዋት፣ ከሁሉ በፊት፣ ትልልቆቹን ሁለቱን መረጥኩ። … አጠብኩ፣ በጨርቅ ጠቀለልኩ … ለአውቶቡሱ ሹፌር ሰጠሁት። ከአክስቷ ነው ብለህ ለቬስካ ስጥልኝ አልኩት። …

— እኔ ምን አውቄ! ምን አውቄ፣ አፈር ልብላ! … ደርሷል። ሚስትህ ደውላ አመሰገነችኝ። የዓሣውን እንቁላል ለኒኮሌታ ልጠብስላት ነው፣ ትወዳለች አለችኝ። … አሁን ነዋ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ! ግማሽ ሰዓት ቢሆነው ነው! …

— ሩሲ? … ሄሎ? … ሩሲ፣ አትጩህ! ስማኝ!

— ዝጋው! ስልኩን ዝጋና ለቬስካ ደውልላት! … እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ ዝጋው! … በቃ፣ እኔ ዘጋሁት! ራሴ እደውልላታለሁ!